ከመዘምራኑ እግር በታች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አዲስ ጫማ አድርጌ ነበር። የሕንፃ መዋቅር ቤተ ሙከራ ውስጥ ረዳት ተመራማሪ ሆኜ ስቀጠር፣ ውሎዬ ሁሉ ኮምፒውተር ፊት የሚሆን መስሎኝ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ታፈሰ ግን ሰላምታዬን በወጉ ሳይቀበሉ ሰማያዊ ቱታ ሰጡኝና "ያን ጫማ አውልቂው፤ ሲሚንቶ ይበላዋል" አሉኝ።

ቤተ ሙከራው መሐል አንድ የአርማታ ቢም፣ ማለትም ወለል የሚሸከም አግድም ተሸካሚ፣ ጫፍና ጫፉ በብረት ላይ አርፎ ተጋድሟል። ከላዩ ማሽን ሊጫነው ነው። በስንት ጭነት መሰንጠቅ እንደሚጀምር አስልቼ ሰሌዳ ላይ እንድጽፍ አዘዙኝ። ጻፍኩ። ቢሙ እኔ ካልኩት ግማሽ ላይ እንኳ ሳይደርስ ጠቅ አለና ከሆዱ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አወጣ።

"ማነው የተሳሳተው? ቢሙ ነው አንቺ?" አሉኝ ዶክተር ታፈሰ።

"ምናልባት... ቢሙ በደንብ አልተሠራ ይሆናል።"

አጠገባችን የነበረው ቴክኒሻን ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "ቢሙማ የሆነውን ሆነ። አንቺ ያሰላሽው ሌላ ቢም ነው" አሉና ወደ ቢሯቸው ገቡ። ቀኑን ሙሉ ኮንክሪት ስጠርግ ዋልኩ።

ሥራችን ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። አንድ ሕንፃ ሲጫኑት፣ ሲነቀንቁት ወይም ሲያረጅ ምን እንደሚሆን ሳንሰብረው ማወቅ እንፈልጋለን። ስለዚህ ኮምፒውተር ውስጥ በትንንሽ ቁራጭ ከፋፍለን እንደገና እንገነባዋለን። ይህን ሞዴል እንለዋለን። እያንዳንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደተያያዘ፣ ጫፉ ምን ላይ እንዳረፈ የምንነግረው እኛ ነን። የነገርነውን ያምናል። ችግሩም እሱ ላይ ነው።

ከረዳትነት ተነስቼ ከፍተኛ ተመራማሪ እስክሆን የሠራኋቸው ሞዴሎች ብዙ ናቸው። የድልድይ፣ የውኃ ጋን፣ የመጋዘን ጣሪያ። አብዛኞቹን ረስቻለሁ። አንዱን ግን አልረሳውም፤ የሠራሁት ለራሴ ሰፈር፣ ለራሴ ቤተ ክርስቲያን፣ ይባስ ብሎ ለራሴ አባት ነበር።

አባቴ ጉለሌ፣ ከዊንጌት ትንሽ ዝቅ ብሎ ጎሚስታ ነበረው። ጎማ እየነፋና እየጠገነ አሳደገን። ቤተ ክርስቲያናችን ለረጅም ጊዜ ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት፣ ከቆርቆሮ አዳራሽ ወደ ቆርቆሮ አዳራሽ ስትዞር ኖራለች። ምእመኑ ለዓመታት አዋጥቶ በመጨረሻ አንድ ባለ ፎቅ ሕንፃ ሲገዛ የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አባቴ ነበር። ከታች ሱቆች፣ ከላይ ትልቅ አዳራሽ። የመጀመሪያው እሁድ አባቴ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሰው ሁሉ እጅ ሲጨብጥ ትዝ ይለኛል። ጥፍሩ ሥር ያለው የጎማ ጥቁረት ያን ቀን እንኳ አልለቀቀም።

ከአዳራሹ ሥር የጋሽ ሰይድ ሱቅ አለ። ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥተው ብርጭቆ፣ ሳህንና ቴርሞስ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ሕንፃው የእኛ ከመሆኑ በፊት ጀምሮ እዚያው ተከራይ ነበሩ። ከአባቴ ጋር እኩዮች ናቸው፤ አንተ ትብስ አንተ ትብስ የሚባባሉ።

አንድ ሰኞ ጋሽ ሰይድ የተሰባበረ ብርጭቆ የሞላበት ካርቶን ይዘው ጎሚስታው ድረስ መጡ። እኔም ዓመት ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ እዚያው ነበርኩ።

"ስለ ብርጭቆው አልመጣሁም" አሉ ለአባቴ። "ብርጭቆ ይሰበራል፤ አላህ ይተካል። ኮርኒሱ ነው ያስፈራኝ። እሁድ እሁድ ይተነፍሳል።"

"ምን ማለትህ ነው ይተነፍሳል?"

"ከፍ ዝቅ ይላላ! ሁልጊዜ አይደለም። ያቺ ፈጣኗ መዝሙር ስትመጣ ነው። ወላሂ፣ እኔ እንኳ ለይቼ አውቄያታለሁ።"

አባቴ ሳቀ፤ ጋሽ ሰይድ ግን አልሳቁም። ከሄዱ በኋላ አባቴ "ራሒ፣ እስቲ አንድ ጊዜ እይውና ምንም አይደለም በያቸው። ሰውየው እንቅልፍ አጥተዋል" አለኝ።

እኔም ምንም እንዳልሆነ ነበር የጠበቅኩት። ከኮሚቴው የሕንፃውን ፕላን ወስጄ ሞዴል ሠራሁ። በፕላኑ ላይ የአዳራሹ ወለል፣ በእኛ ሰፈር አጠራር ሶሌታው፣ መሐሉ ላይ በወፍራም ግድግዳ ተደግፏል። ግድግዳው ከታች ያለውን ቦታ ለሁለት ሱቅ ይከፍለዋል። እንዲህ የተደገፈ ሶሌታ ደንዳና ነው። ሰው ቢዘልበት እንኳ አይሰማውም።

ሶሌታ ሁሉ የራሱ ምት አለው። አንዴ ከነቀነቁት በራሱ ፍጥነት ጥቂት ተወዛውዞ ይቆማል። ሞዴሉ የእኛው በሰከንድ ከአሥራ ሁለት ጊዜ በላይ እንደሚወዛወዝ ነገረኝ። ዝማሬ እዚያ ፍጥነት አጠገብ አይደርስም። ለአባቴ ደውዬ ልነግረው ነበር፤ ግን ሙያችን ሳትለኪ አትናገሪ ይላልና ከቤተ ሙከራው የንዝረት መለኪያ ተውሼ አዳራሹ ባዶ በሆነበት ቀን ሄድኩ። መለኪያውን መሐል ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። የሕንፃው ዘበኛ እንደነገርኩት አንድ ጊዜ ዘሎ በተረከዙ አረፈ።

መለኪያው አምስት አለ። አሥራ ሁለት ሳይሆን አምስት።

ዘበኛውን ደግሜ አስዘለልኩት። ቦታ ቀይሬም አስዘለልኩት። በመጨረሻ "እህቴ፣ ጉልበቴ ነው የሚለካው ወለሉ?" አለኝ። ያው አምስት ነው።

ቢሮ ተመልሼ ከሞዴሉ ጋር ትግል ገጠምኩ። ኮንክሪቱ ደካማ ነው ብዬ ጥንካሬውን ቀነስኩ። ተሰነጣጥቋል ብዬ ደግሞ ቀነስኩ። ዳርና ዳሩ ልል ነው አልኩ። ወደ አምስት ለመውረድ ኮንክሪቱን ከአፈር የባሰ ማድረግ ነበረብኝ። ዶክተር ታፈሰ ከኋላዬ መጥተው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩ።

"ቁጥር አትጠምዝዢ" አሉኝ። "እንዲህ ከተራራቁ ወይ የሌለ ነገር አስገብተሻል፣ ወይ ያለ ነገር ትተሻል። ከታች ገብተሽ አይተሻል?"

አልገባሁም ነበር። ሱቁ ሁለት በር ስላለው፣ እንደ ፕላኑ ሁለት ሱቅ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ከባንኮኒው አልፌ አላውቅም።

በማግስቱ ጋሽ ሰይድ በመደርደሪያዎቹ መሐል እየመሩ ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ግድግዳ የለም። ወለል ያለ ሰፊ አንድ ክፍል ነው። ሊሾው፣ ማለትም የሲሚንቶው ወለል ላይ ግን ከበሩ እስከ ጓሮ የሚሄድ ቀለሙ የተለየ ሰፊ መስመር አለ።

"እዚህ ግድግዳ ነበር?" አልኳቸው።

"እኔ ስከራየው እንዲሁ ነው ያገኘሁት። የፊተኛው ባለቤት ሱቁን ሊያሰፋ አፍርሶት ነው ይላሉ። ለምን ጠየቅሽኝ ልጄ? ክፉ ነገር አለ እንዴ?"

በፈቃዳቸው ኮርኒሱን አንድ ቦታ ከፈትን። የፊተኛው ባለቤት ግድግዳውን ሲያፈርስ በቦታው ከዳር እስከ ዳር አንድ ረጅም የብረት ቢም አስገብቶ ኮርኒስ አልብሶታል። ብረቱ ክፉ አይደለም። ሰው ሞልቶ ቢቀመጥ ይሸከማል። ግን ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ይረግባል፤ እንደ ጅራፍ እጀታ። ከዚህ የባሰው ጫፉ ነበር። ብረቱ ያረፈው ብሎኬት ላይ ነው፤ ብሎኬቱም ከሥሩ መድቀቅ ጀምሯል። ጋሽ ሰይድ ሰኞ ሰኞ ከብርጭቆዎቻቸው ላይ የሚያብሱት አቧራ ከየት እንደሚመጣ ያን ቀን አወቅን።

ግድግዳውን ከሞዴሉ አውጥቼ ብረቱን አስገባሁ። ወዲያው ወደ አምስት ወረደ። ከዚያ አዳራሹን በሰው ሞላሁት። ሰው ክብደት ነውና ምቱን ያዘገየዋል፤ በሰከንድ ወደ አራት ቀረበ። መዘምራኑ በፈጣኑ መዝሙር በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ይዘላሉ። ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በየዙሩ ባትገፉት፣ በየሁለተኛው ዙር ብትገፉትም ከፍ እያለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ዝላይ ሶሌታውን እንደዚያ በየሁለተኛው ውዝዋዜ ላይ እየገፋው ነበር። በሙያችን ሬዞናንስ የምንለው ይህ ነው።

ጊዜው ደግሞ ክፉ ነበር። የመዘምራኑ የምሥረታ በዓል ቀርቧል። ከሌሎች አጥቢያዎች መዘምራን ተጋብዘዋል። የመዘምራኑ መሪ ምሕረት፣ ባንክ የምትሠራ ጨዋ ልጅ፣ አዲሱን የደንብ ልብስ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ዘንድ አዝዛ እየተመላለሰች ነው። አዳራሹ በዚያን ቀን ከእሁዱ ሁሉ በላይ ይሞላል፤ በዚያን ቀን ከእሁዱ ሁሉ በላይ ይዘለላል።

ለዶክተር ታፈሰ ነገርኳቸው። "ታውቂያለሽ" አሉ፣ "ሙሉ አዳራሽ ሲዘል የተለካ መረጃ እኛ አገር የለንም። ያን ቀን መለኪያ ብናስቀምጥ..." ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። መነጽራቸውን አወለቁ። "አይ። በሰው ላይ አይሆንም። ሂጂ አስቁሚ። ካላመኑሽ ጥሪኝ፤ እኔም እመጣለሁ።"

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ቀረብኩ። የላፕቶፔን ምስል ግድግዳው ላይ አበራሁ። ኮምፒውተሩ ብዙ የሚንቀሳቀሰውን ቦታ በቀይ ይቀባዋል። መሐል አዳራሹ ቀይ ነበር። ስለ ምት፣ ስለ ብረቱ፣ ስለ ብሎኬቱ አስረዳሁ።

ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ራሔል ልጃችን ነሽ፤ በትምህርትሽም እንኮራለን። ግን ይሄ ቀይ ቀለም እኮ አንቺው ያስገባሽው ነው። እኛ ስንት ጊዜ ዘለን አመለክን፣ አንድ ድንጋይ ወደቀ? አሁን በዓሉ ሊደርስ ሲል አትዘምሩ ልትዪን ነው?"

"ዘምሩ ነው የምለው። አትዝለሉ ነው።"

"አዬ! መዘምራን ሳይዘል..." ሰዉ ሳቀ። ሌላው ሽማግሌ ብሎኬቱ ይለሰናል አሉ። ከልባቸው ያዳመጡኝ ፓስተሩ ነበሩ፤ ግን ሁሉንም ማስማማት ልማዳቸው ስለሆነ "ከበዓሉ በኋላ በሰፊው እናየዋለን፤ እስከዚያ በጸሎት እንያዘው" ብለው ዘጉት።

አባቴ ስብሰባው እስኪያልቅ አንገቱን ደፋ። ጠረጴዛውን ብቻ ያይ ነበር።

ቤት ስንመለስ ግን ተናገረ። "በሰው ፊት ዝም አልኩ እንጂ አዝኛለሁ። ይህን ሕንፃ ስንገዛ አሥር ጊዜ ዞሬ ያየሁት እኔ ነኝ። ፈራሽ ነው አልሽኝ እኮ።"

"ፈራሽ አላልኩም አባዬ። ባላንስ ያልተሠራ ጎማ ምን ያደርጋል?"

ተቆጥቶም ቢሆን ስለ ጎማ ተጠይቆ አይመልስም ማለት ዘበት ነው። "መሪ ያንቀጠቅጣል።"

"ሁልጊዜ?"

"አይ፣ ሁልጊዜማ አይደለም። አንዲት ፍጥነት አለች። እሷ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ ዝቅ ሲልም ከፍ ሲልም ይተዋል።"

"ሹፌሩ ዝም ብሎ በዚያችው ፍጥነት ቢነዳስ?"

"ቡሎን ያላላል፤ ኩሽኔታ ይበላል። አንድ ቀን..." ንግግሩን ሳይጨርስ ጋቢውን አነሳና "ታዲያ ከፍጥነቷ ዝቅ ብለው ይዘምሩ" አለኝ።

"አዳራሽ ሙሉ ሰው ደስ ብሎት ሲዘል ፍጥነት ይጠብቃል?"

ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ። ከእራት በኋላ ግን "እሁድ ከሰይድ ሱቅ ሆነን እናየዋለን። ዓይኔ ካላየ አላምንም" አለ።

ያ እሁድ ከበዓሉ በፊት ያለው የመጨረሻው እሁድ ነበር። ሰዉ እንደ ወትሮው ነው። አባቴ በሕይወቱ የአምልኮ ሰዓት ላይ ከአዳራሹ ውጪ ሲሆን ያን ቀን የመጀመሪያው ይመስለኛል። ሙሉ ልብሱን ለብሶ በቴርሞሶች መሐል ቆመ። ጋሽ ሰይድ ወንበር አቀረቡለት፤ አልተቀመጠም።

ከላይ ዝግ ያለ መዝሙር ተጀመረ። ምንም የለም። አባቴ አየኝ። ቀጥሎም ሌላ መጣ፤ ምንም የለም። "ይኸው" ሊለኝ አፉን ሲከፍት ከበሮው ተቀየረ።

"እቺ ናት" አሉ ጋሽ ሰይድ በቀስታ።

መጀመሪያ ከላይኛው መደርደሪያ ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ መነካካት ጀመሩ። ቀስ በቀስ ድምፁ ጨመረ። ከኮርኒሱ የተንጠለጠለው መብራት መወዛወዝ ያዘ። ኮርኒሱን ቀና ብዬ ሳይ በእውነትም ይተነፍሳል። በከፈትነው ቀዳዳ በኩል የብረቱ ጫፍ ይታያል፤ በእያንዳንዱ ዝላይ ከሥሩ ዱቄት ብን ትላለች። አባቴ ወደ ቀዳዳው ተጠጋ። እጁን ዘርግቶ ዱቄቱን በመዳፉ ተቀበለ። አየው።

"ራሒ፣ እናትሽ ከላይ ናት" አለ።

ወጣ። ደረጃውን በእድሜዬ አይቼው በማላውቀው ፍጥነት ወጣው። ስደርስበት በመቀመጫዎቹ መሐል እየሄደ ነበር። ሰዉ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ዘርግቶ ይዘላል። አባቴ መድረኩ ላይ ወጣና ማይኩን ከምሕረት እጅ ወሰደ። ከበሮው ቆመ። እግሬ ሥር ሶሌታው ለጥቂት ጊዜ በራሱ ሲወዛወዝ ተሰማኝ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

"ወገኖቼ" አለ። ትንፋሹ አጥሮታል። "ተቀመጡ። እባካችሁ ሁላችሁም ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ። ማንም እንዳይሮጥ።"

ሰዉ ግራ ተጋብቶ ተቀመጠ።

"ይህን አዳራሽ ጥሩ ነው ብዬ ያስገዛኋችሁ እኔ ነኝ። ታውቃላችሁ። አሁን ከታች ቆሜ አየሁት። መቀመጥ ይቻላል። መዝለል አይቻልም። እስኪጠገን ድረስ ማንም አይዘልበትም። በእኔ ላይ ልታዝኑ ትችላላችሁ።" ማይኩን ለምሕረት መለሰላት። "አሁን ዘምሩ። ተቀምጠን እንዘምራለን።"

ምሕረት የመድረኩ ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ መዘምራኑም ተከትለዋት ተቀመጡ። ያለ ከበሮ፣ በድምፅ ብቻ ያቺኑ መዝሙር ዝግ አድርጋ ጀመረችው። እንደዚያ ሲዘመር ሰምቼው አላውቅም። ጋሽ ወልዴ ፊት ለፊት ተቀምጠው በመሐረባቸው ፊታቸውን ያብሱ ነበር።

ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ሱቁ ድረስ ወርደው ቀዳዳውን አዩ። ማንም ተጨማሪ ሥዕል አልጠየቀኝም። በዓሉ ከሕንፃው ጀርባ ባለው ባዶ ግቢ ድንኳን ተተክሎ ተከበረ። ከእንጦጦ በኩል ዝናብ መጣና መሬቱ ጭቃ ሆነ። የሽሮ ሜዳው አዲስ ልብስ እስከ ጉልበት ጨቀየ። ምሕረት መሬት ላይ እንደ ልቧ ዘለለች።

ጥገናው ላይ ሌላ ችግር መጣ። ብረቱን ከሥሩ በምሰሶ መደገፍ ነው መፍትሔው፤ ምሰሶዎቹ ደግሞ የሚቆሙት ጋሽ ሰይድ ሱቅ መሐል ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ቀላሉ መንገድ ተከራዩን ማስወጣት ነው፤ ውላቸው ሲያልቅ አናድስላቸው" አሉ። በሙያ ካየነው ልክ ናቸው። ባዶ ክፍል ቢሆን ግድግዳውን መልሼ መገንባት እችል ነበር።

አባቴ ግን ቀድሞ መለሰ። "ኮርኒሱ እንደሚተነፍስ የነገረን እሱ ነው። ነግሮን ነው የምናስወጣው?"

ፓስተሩም "ይህ ነገር ከዚህ ክፍል አይውጣ" አሉ። አልወጣም። እስከ ዛሬ ጋሽ ሰይድ የሰሙ አይመስለኝም።

ስለዚህ ሥራው ወደ እኔ ተመለሰ፤ ሶሌታው እንዲደነድን፣ ሱቁም ሱቅ ሆኖ እንዲቆይ። ከጋሽ ሰይድ ጋር ጠመኔ ይዘን ሊሾው ላይ ምሰሶ እየሳልን እናጠፋ ጀመር።

"እዚህ ብትሆን ደንበኛ ይጋጫታል። ሰው ገብቶ ዓይኑ ማረፍ ያለበት እቃ ላይ ነው እንጂ ብረት ላይ አይደለም።"

"ከዚህ ካራቅኳት ጋሽ ሰይድ፣ ብረቱ እንደገና ይረግባል።"

"አንዷ ብቻ አትበቃም?"

አንድ ምሰሶ ብቻ አስገብቼ አሰላሁ። ምቱ ከፍ ይላል፤ ግን ሰው ሲሞላ የሚያስተማምን አይደለም። ሁለት ያስፈልጋሉ። ሆኖም ሁለቱ ከብረቱ ሥር በእኩል ርቀት መቆማቸው የግድ አይደለም። በብዙ ቦታ ሞከርኳቸው። አንዷ ከባንኮኒው ጫፍ ጋር፣ ሌላዋ ከጓሮ በኩል ካለው መደርደሪያ ጋር ብትገጥም ሞዴሉ ሊቀበለው የሚችለው ቦታ ተገኘ። ለደንበኛ መተላለፊያው መሐሉ ክፍት ሆነ። ጋሽ ሰይድ ሁለቱን የጠመኔ ክቦች አይተው "አብሽሪ፣ ከእነዚህ ጋር እኖራለሁ" አሉ።

የቀጠርነው ብረት በያጅ ምሰሶዎቹን ሲያቆም ረጅሙ ብረት ከሥሩ ተደግፎ መነሳት ነበረበት። አባቴ ከጎሚስታው ሁለት ትልልቅ ክሪክ፣ መኪና ማንሻ፣ አምጥቶ በራሱ እጅ ከፍ አደረገው። ብሎኬቱ ያለቀበት ጫፍ ሥር አርማታ ሞላን። አርማታው ውስጥ የሚገባውን ብረት፣ ፌሮውን፣ ስናስር ዶክተር ታፈሰም መጥተው ነበር፤ ቱታ ለብሰው።

አርማታው ሲደርቅ ለካሁ። የሞዴሉና የመለኪያው ቁጥር ተቀራረቡ፤ ከመዘምራኑ ዝላይም ራቁ። እሱ ብቻ አልበቃኝም። መጀመሪያ ጥቂት መዘምራን፣ ቀጥሎ ሁሉም፣ አባቴና ጋሽ ሰይድ ከታች ቆመው ቀዳዳውን እያዩ፣ አዘለልናቸው። ዱቄት የለም። መብራቱም ቀጥ ብሎ ነበር። ኮርኒሱን የዘጋነው ከዚያ በኋላ ነው።

ዶክተር ታፈሰ የተመኙትን መረጃ እንዲህ አገኙት፤ በተጠገነ ወለል ላይ፣ ሰው ሳይፈራ። ከዚያ ወዲህ ቡድናችን የሠርግ አዳራሾችንና የስፖርት ቤቶችን ወለል ያጠናል። ሶሌታ ላይ የሚዘል ከተማ ውስጥ ሥራ አይጠፋም።

ቤተ ሙከራችን በየዓመቱ አዳዲስ ረዳቶች ይገባሉ። የምነግራቸው አጭር ነው። ሞዴላችሁና መለኪያችሁ ካልተስማሙ፣ ቁጥር ከመቀየራችሁ በፊት ሄዳችሁ ከሥሩ እዩ። አደጋ ካገኛችሁ ደግሞ ለሚወስነው ሰው ሥዕል ልካችሁ አትቀመጡ፤ አደጋው ያለበት ቦታ ድረስ ይዛችሁት ሂዱና አብራችሁት ቁሙ። ያን እስክታደርጉ ሥራው አላለቀም።